የጋሽ ዳምጠው ግድግዳ

የልጅነት ሥራ አልነበረኝም፤ ስለዚህ ትናንት ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ በግራ እጄ አስመስዬ ሠራሁት። ጥፋቱ ይኸው ነው። ሕልሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የግራፊክ ዲዛይን ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ወደ መጨረሻው ዓመት ለማለፍ እያንዳንዳችን ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራዎቻችንን ስብስብ፣ ይዘን ሦስት መምህራን ፊት እንቀርባለን፤ የኔ ፈተና ዛሬ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። ፖርትፎሊዮው ሦስት ክፍል አለው፤ ምን ትወጃለሽ፣ ከምን ተማርሽ፣ መጀመሪያ ምን ሠራሽ። ሰብሳቢው መምህር ልሳነወርቅ በሦስተኛው አይቀልዱም። «ሰው እጁን የሚያሳየው ሳይማር በፊት ነው» ይላሉ። ባለፈው ዓመት ያንን ክፍል ባዶ ትቶ የመጣውን ልጅ ዓመቱን አስደግመውታል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች በአንድ ቀን ጨረስኳቸው። የምወደው ነጭ ባዶ ቦታ ነው ብዬ ጻፍኩ። ጥቁር ፊደል፣ አንድ ቀይ መስመር፣ የቀረው ባዶ። የተማርኩት ከአውሮፓ ፖስተሮች ነው አልኩ። ሁሉንም ያየኋቸው በስልኬ ነው፤ እሱን አልጻፍኩም።

ሦስተኛው ላይ ቆምኩ። በልጅነቴ የሣልኩት ሁሉ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ነው፤ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ደግሞ ለሠሪው አይቀርም። የአዲስ ዓመት ዕለት ጠዋት በየቤቱ ታድሎ ያልቃል። በሰፈራችን ሴቶቹ አበባዬሆሽ ሲጨፍሩ ወንዶቹ ሥዕል ይዘው ይዞሩ ነበር። እኔ ለመጨፈር ትዕግሥት ስላልነበረኝ ከወንዶቹ ጋር ዞርኩ። ፀሐይ፣ አደይ አበባ፣ ክንፍ ያላት መልአክ፣ ከሥር «እንኳን አደረሳችሁ»። የተቀበሉኝ ጎረቤቶች ግቢው ሲፈርስ ተበተኑ፤ እኛም ኮንዶሚኒየም ገባን። ሥዕሎቼን በየዓመቱ እየተቀበሉ ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉት ጋሽ ዳምጠው፣ ጡረተኛው ፖስተኛ፣ ሞተዋል።

ቀኝ እጄ ልጅ መምሰል እምቢ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀጥ ያለ መስመር ሲያሰምር የከረመ እጅ ነው። እስክሪብቶውን ወደ ግራ አዛወርኩት። ግማሽ የደብተር ወረቀት ላይ አምስት ሥዕል ሠራሁ፤ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። መዳፌ ያልደረቀውን ቀለም እየረገጠ ወደ ቀኝ ይጎትተዋል። እሰየው፣ ልጅነት ይመስላል አልኩ። ወረቀቶቹን ያረጁ እንዲመስሉ ሻይ ውስጥ ነክሬ አደረቅኳቸው። ከሥራቸው «ሶልያና፣ በሰባት ዓመቷ» ብዬ በቀኜ አሳምሬ ጻፍኩና ተኛሁ።

ሕልሙን ያየሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። እናቴ የዚያን ሰዓት ሕልም እውነት ነው ትላለች። እናቴ ብዙ ነገር ትላለች።

በሕልሜ እንቁጣጣሽ ነበር። የፈረሰው ግቢያችን ተመልሶ ቆሟል፤ ጣሪያው ከታች፣ መሠረቱ ከላይ ነው። ዝናቡ ከመሬት እየተነሣ ወደ ሰማይ ይወጣል። አደይ አበባዎች ሜዳ ላይ ተሰማርተው ልጃገረድ ይለቅማሉ። አምስት አምስቱን በሣር እያሰሩ ክንዳቸው ላይ ያስተኟቸዋል። አንዷ አበባ እኔን አንሥታ አገላብጣ አየችኝ።

«ይቺ አልፈካችም» አለችና መልሳ ጣለችኝ።

በየደጃፉ ትንንሽ ልጆች እግራቸውን ዘርግተው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ትልልቅ ሰዎች ሥዕል ይዘው ፊታቸው ተሰልፈዋል። የጤና ጣቢያው ሐኪም አለ፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም ከነኮቱ አለ። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ የሊቀመንበሩን ወረቀት ከሩቅም ከቅርብም አየችው።

«ፀሐይህ ዓይን የላትም።»

«እመቤቴ፣ ፀሐይ እኮ ዓይን...»

«ታዲያ በምን ታየናለች? ሂድ፣ ሠርተህ ና።»

ሊቀመንበሩ አፍንጫውን በኮቱ እጅጌ ጠርጎ ሄደ። ሐኪሙ ቶሎ ብሎ የራሱ ፀሐይ ላይ ዓይን ጨመረ፤ ተቻኩሎ ሦስት አደረገው።

በዚህ መሀል ፈተናዬ ትዝ አለኝ። ወደ መንገድ ወጣሁ። ሚኒባስ ታክሲ ተሳፋሪዎቹ ተሸክመውት መጣ። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ተጋድሞ «አንድ ትከሻ ጎደለ! የቸኮለ!» ይላል። የቸኮልኩ ስለሆንኩ ከሥር ገብቼ ተሸከምኩ። አጠገቤ የተሸከመችው ሴትዮ «ጠጋ በይ እንጂ፣ እኛም ሰዎች ነን» አለችኝ። ጠጋ አልኩ። ወራጅ አለ ስል ታክሲው ወረደ።

አዳራሹ ውስጥ መምህራኑ ሁሉ ቁምጣ ለብሰው ይጠብቃሉ። መምህር ልሳነወርቅ ከሁሉም ኋላ ነበር። ላጲሱን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጥፍሩን ይበላል።

«እትዬ ሶልያና፣ ፈተናው ይከብዳል ይላሉ?» አለኝ።

«አላውቅም። ሸሚዝህን አስገባ።»

«የልጅነት ሥራ አምጡ ብለውናል። እኔ ልጅ ሆኜ አላውቅም እኮ።»

«ሁሉም ሰው ልጅ ነበር፣ ልሳኑ።»

«እኔ አልነበርኩም! መምህር ሆኜ ነው የተወለድኩት!» አለና ማልቀስ ጀመረ። ላጲሱን ዓይኑ ላይ ቢያሸው ቅንድቡ ጠፋ።

ላባብለው ጊዜ አልነበረኝም፤ ስሜ ተጠራ።

መድረኩ ላይ ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው የእናቴ የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ባለ አራት ማዕዘኑ። በአንድ ጎኑ የክብሪት ቀፎ፣ በሌላው የሱፍ ክር መጠቅለያ ወረቀት። ሦስቱንም አወቅኳቸው። ፊደል ሳልቆጥር በፊት ቆርቆሮው ዙሪያ ያለውን የሐረግ ሥዕል በጣቴ እየተከተልኩ ስንቴ እንደዞርኩት አይታወቅም። የክብሪቱን ሥዕል ስስ ወረቀት ደርቤ ገልብጬዋለሁ። መጠቅለያዋ ላይ ሹራብ ለብሳ የምትስቅ ሴት አለች፤ ለእሷ ጢም አውጥቼላታለሁ።

«ምን ትወጃለሽ?» አለ ቆርቆሮው። ሲናገር ውስጡ ይንኳኳል።

«ነጭ ባዶ ቦታ።»

ክብሪቱ ሲስቅ አንድ እንጨት አመለጠው። «እኔ ላይ ባዶ ቦታ የቱ ጋ አለ? እስቲ አሳዪኝ።»

የትም አልነበረም። ከዳር እስከ ዳር በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ተጨናንቋል። ሕልም ውስጥም ሆኜ እንዴት እንደሚያምር አየሁና ተናደድኩ።

«ከምን ተማርሽ?»

«ከአውሮፓ ፖስተሮች።»

መጠቅለያዋ ጢሟን ዳበሰች። «አሥራ አምስት ዓመት ይዤው ዞርኩ፤ ለማንም አላልኩም። የተማርሽው እኔ ፊት ላይ፣ የጠቀስሽው ሰው አገር!»

ነገር ለማስቀየር ወደ ሰብሳቢው ዞርኩ። «ብስኩቱስ ደህና ነው?»

«ምን ብስኩት? እኔ ራሴን ካወቅኩ ጀምሮ ያለብኝ መርፌና ክር ነው» አለ ቆርቆሮው። «ወደ ሦስተኛው ክፍል።»

አምስቱን ሥዕሎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ሻዩ ገና ይሸታል። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያለችው መልአክ በክርኗ ተደግፋ ተነሣች። አንዱ ክንፏ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ነው።

«የሠራኝ ማን ነው?» አለች።

«ተኚ» አልኳት በጥርሴ መሀል።

«ማን እንደሆነ ባወቅኩ እጁን እስመው ነበር። ከዚህ በፊትም የሠራኝ ይመስለኛል።»

ቆርቆሮው ክዳኑን በኃይል ዘጋ። «እጆቹ ይጠሩ!»

ቀኝ እጄ ከክንዴ ተፈታና በጣቶቹ እየተራመደ ወደ ምስክር ቦታው ሄደ። ሰዓት አስሯል፤ ጥፍሩ ተቆርጧል።

«ሥራ?»

«ቀጥ ያለ መስመር አሰምራለሁ፤ እፈርማለሁ፤ ሰው እጨብጣለሁ።»

«እነዚህን ሥለሃል?»

ቀኜ ወረቀቶቹን ዳር ዳሩን ብቻ ነካ። «ከሥራቸው ያለውን ጽሑፍ ጽፌአለሁ። ሥዕሉን አልሣልኩም። እንዲህ ያለ ነገር አላውቅበትም።»

«ግራዋስ?»

ሁሉም ወደ ግራ እጅጌዬ አዩ። እኔም አየሁ። እጅጌዬ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

«ቤት ናት» አለ ቀኜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ፊት አትወጣም። አልተፈቀደላትም።»

ፈታኞቹ ተንሾካሾኩ። ቆርቆሮው ፍርዱን አነበበ። «እስከ ሦስት ሰዓት ግራዋ መጥታ ካልመሰከረች ሥዕሎቹ የማንም አይደሉም። አንቺም ትደግሚያለሽ።»

«ሦስተኛ ዓመትን?»

«ሁሉንም። ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ።»

ሮጥኩ። መንገዱ እኔን ላለማስቸገር ወደኋላ ይሄድልኝ ጀመር፤ በአንድ እርምጃ ግቢያችን ደረስኩ። የጋሽ ዳምጠው በር ተዘግቷል። በሩን በክርኔ ሳንኳኳ ከኋላዬ ኮሽታ ሰማሁ። ብዙ ደብዳቤዎች በቴምብራቸው እየተንፏቀቁ መጡ። ጋሽ ዳምጠውን ራሳቸውን በፖስታ ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ተሸክመዋቸዋል። ካፖርታቸውን እንደለበሱ ናቸው። ፊታቸው ያው ነው፤ ሲሞቱ የነበረው ሳይሆን በር ከፍተው «ዘንድሮስ ምን አመጣሽልኝ?» ሲሉ የነበረው።

«አድራሻቸውን አጥተን ሦስት ዓመት ዞርን» አለኝ አንድ ቢጫ ፖስታ። «ተረከቢና ፈርሚ።»

በቀኜ ልፈርም ስል ቀኜ የለም፤ አዳራሹ ውስጥ ቀርቷል።

«ግድ የለም፣ እኔ ለራሴ እፈርማለሁ» አሉ ጋሽ ዳምጠው። ከቦርሳው ወጡና ኮፍያቸውን አውልቀው እጅ ነሡኝ። «እንኳን አደረሰዎት፣ እትዬ ሶልያና።»

«ኧረ ጋሽዬ፣ እኔን አንቱ አይበሉኝ።»

«ዛሬ እንዲህ ነው፤ ምን ላድርግ? ይግቡ።»

ክፍሉ እንደድሮው የፖስታ ሙጫና የረጠበ ካፖርት ይሸታል። አልጋው እዚያው ጥግ ነው። ሬዲዮኑ እንደድሮው ፎጣ ለብሷል፤ ዜና እያዳመጠ ራሱን ይነቀንቃል። ግድግዳው ሙሉ የኔ ነው። በየዓመቱ ያመጣሁላቸው ሁሉ በአራት በአራት ስፒል ተሰቅሏል። ዓይን ያላት ፀሐይ አለች። የካፖርት ቁልፍ የሚያካክል አደይ አበባ አለ። በአንዱ ላይ መልአኳ የፖስታ ቦርሳ አንግታለች፤ ጋሽ ዳምጠውን ለማስደሰት ብዬ የጨመርኩት ነው። ያን ዕለት ከዳቦው ዳር ሳይሆን ከመሀሉ ቆርሰው ሰጡኝ። ረስቼው ነበር።

«ቀረብ ብለው ይዩ» አሉኝ።

ቀረብኩ። እያንዳንዱ ፀሐይ ወደ ቀኝ የተጎተተ ሰማያዊ ጭራ አለው። እያንዳንዱ ፊደል ጥላ ያለው ይመስላል፤ ያልደረቀ ቀለም በመዳፍ ተረግጦ። ትናንት ያበላሸሁት ብልሽት ራሱ ነው።

«ከዚህስ በኋላ?» አልኩ። ግድግዳው በሰባት ዓመቴ ያልቃል። እኔ ግን እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ አምጥቼላቸዋለሁ።

ጋሽ ዳምጠው መሳቢያ ስበው አሳዩኝ። ሥዕሎቹ እዚያ ተደርድረዋል። ንጹሕ ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፤ አንድም ጭራ የለም። የመልአኳ ክንፎች እኩል ናቸው።

«እነዚህ ደህና ናቸው» አሉ። «ደህና ነገር መሳቢያ ይበቃዋል።»

«ጋሽዬ፣ እጄን ፈልጌ ነው የመጣሁት። ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው።»

በአገጫቸው ወደ ጠረጴዛው ሥር አመለከቱኝ። ጎንበስ አልኩ። ግራ እጄ እዚያ ተቀምጣለች። ትንሽ ናት፤ የሰባት ዓመት ልጅ እጅ። አንጓዋ ላይ ቀይ የሱፍ ክር ተጠምጥሟል፤ የክሩ ጫፍ ጠረጴዛው እግር ላይ ታስሯል። መሬቱ ላይ በጣቷ ፀሐይ ትሥላለች።

«መጣሽ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ማን ነው ያሰረሽ?»

«እናትሽ ናት። ለደጉ ነው ብላለች።»

«ነይ፣ ፈተና አለብኝ። የሣልሽው አንቺ እንደሆንሽ ትመሰክሪያለሽ።»

«ትናንት ጠራሽኝ፤ መጣሁ። አምስት ሠራሁልሽ። መልሰሽ አሰርሽኝ።»

«እኔ አላሰርኩሽም!»

«ከሥሩ የጻፈው ማን ነው ታዲያ?»

ክሩን በክርኔ ጠልፌ ሳብኩት፤ እየተተረተረ መጣ እንጂ አልተበጠሰም። በጥርሴ ያዝኩት። ውጭ ቆርቆሮው ሦስት ጊዜ ሲደወል ሰማሁ። ደብዳቤዎቹ በር ላይ «ሰዓት ሞላ! ሰዓት ሞላ!» ይላሉ። ጋሽ ዳምጠው «ንከሽው፣ ልጄ!» አሉ፤ አንቱታውን ረስተውታል። ነከስኩት።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ልቀቂኝ!»

እናቴ ናት። ልትቀሰቅሰኝ ግራ እጄን ይዛ ስትወዘውዘኝ ጣቷን ነክሻታለሁ።

«ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ፈተና አለብኝ አላልሽም?» ጣቷን እያሻሸች ወደ ጠረጴዛዬ ዞረች። ቀና ብዬ አየኋት። ከሥዕሎቹ አንዱን አንሥታ ወደ መስኮቱ አስጠግታለች።

«እነዚህን ከየት አገኘሻቸው? የጋሽ ዳምጠው ቤት ሲፈርስ አብረው የጠፉ መስሎኝ።»

«ትናንት ነው የሣልኳቸው።»

«አትቀልጂ። ልጄ የሠራችውን እኔ አላውቅም? ይኼ የግራሽ ነው።»

«የምኔ?»

«የግራሽ ነዋ! ግራኝ አልነበርሽ?» አለች፤ ‹በልጅነትሽ ኩፍኝ ይዞሽ አልነበር?› እንደሚባለው ቀለል አድርጋ። «አንደኛ ክፍል ልትገቢ ስትይ ነው ያስተውኩሽ። መምህሯ በግራዋ የምትጽፍ ልጅ አልቀበልም አሉ። ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰርኩሽ። አንድ ክረምት ፈጀብን።»

«በምን አሰርሽኝ?»

«በምን አስርሻለሁ? ሹራብ ስሠራ በተረፈ ክር።»

«ቀይ?»

«እንዴት አስታወስሽው?» ሥዕሉን መልሳ አስቀመጠችና ጥጉን አስተካከለች። «እኔንም አባቴ እንዲሁ ነው ያስተወኝ። ምን ጎደለብኝ?»

አልተቀየምኳትም፤ ለመቀየም ጊዜ አልነበረኝም። ከኛ ቤት ትምህርት ቤቱ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ፊቴን ታጠብኩ። ጠረጴዛው ጋ ቆሜ «ሶልያና፣ በሰባት ዓመቷ» የሚለውን አየሁት። እንዲህ ይዤው ብገባ ማንም አያውቅብኝም። መምህር ልሳነወርቅ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ያዩታል፤ «ይኸው እጅሽ» ይላሉ፤ አልፋለሁ።

እስክሪብቶውን በግራዬ ያዝኩ። በአምስቱም ላይ የቀኜን ጽሑፍ ሰረዝኩና ከጎኑ ጻፍኩ፤ «ሶልያና፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ። ግራ እጇ፣ በሰባት።» ፊደሉ ተንጋደደ። መዳፌ ረገጠው፤ ሰማያዊ ጭራ አወጣ።

ከዚያ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አወረድኩ፤ መርፌውን፣ ክሩንና ቁልፎቹን አልጋው ላይ ገለበጥኩት። ሥዕሎቹ ልክ ገቡበት። ስለ ነጭ ባዶ ቦታ የጻፍኩትን ገጽ ከፖርትፎሊዮው ገንጥዬ ትራሴ ሥር ተውኩት።

«መርፌዬን! አንቺ ልጅ፣ እዚህ አልጋ ላይ ማን ሊተኛበት ነው?» እናቴ ተጎንብሳ መልቀም ጀመረች። በየትኛው እጇ እንደምትለቅም አየሁ። በግራዋ ነው፤ እሷ አላወቀችውም። ቀና ስትል ቆርቆሮውን በየትኛው እጄ እንደያዝኩት አየች።

«ደሞ ጀመርሽ? ቢያንስ እዚያ ስትደርሺ በቀኝሽ ያዢው፤ ሰው ያይሻል።»

እጄን ሳልቀይር ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።